ማኅበር ሳለ ድርድር ሲጠፋ፦ የሠራተኛና የገበሬ ማኅበራት ታሪክ ከምዕራብ ጎጃም አንጻር ሲታይ

በትምህርት ቤት የሠራተኛ ማኅበራት ታሪክ ሲነሣ አዘውትረው የሚጠቀሱት ወንጂ፣ አቃቂና አዲስ አበባ ናቸው። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ለሚማር ልጅ ይህ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ ይታየዋል። ይሁን እንጂ የኅብረት ድርድር ማለት የድካምን ዋጋ በጋራ ቆሞ መወሰን እስከ ሆነ ድረስ የምዕራብ ጎጃም ገበሬም የዚሁ ታሪክ ባለቤት ነው።

በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ የአሠሪና ሠራተኛ ድንጋጌ ወጣ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) ተመሠረተ። ድንጋጌውም በ1956 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 210 ጸና። ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 50 ሠራተኞች ያስፈልጉ ስለ ነበር፣ ኑሮው በእርሻ ላይ ለተመሠረተው ለዳሞት ሕዝብ ሕጉ ያስገኘው ፋይዳ እምብዛም አልነበረም።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ የመሬቱ መገመት ርስቱን ያሳጣኛል ብሎ ሠጋ፤ ገማቾችንም አላስገባም አለ። የተላከበት መልስ ጦርና አውሮፕላን ነበር። በመጨረሻ ግን መንግሥት ግብሩን ተወ፤ ውዝፉን ማረ፤ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴንም አዛወረ። ገበሬው በኅብረት የጠየቀውን አገኘ። ሆኖም ድሉ በደም የተገዛ ነበር፤ በስምምነት ላይ ያልሰፈረ፣ የሚጠብቀውም ድርጅት የሌለው ሆኖ ቀረ።

በከተማ በኩል ድርድር ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በ1966 ዓ.ም. ነው። መምህራን የካቲት 11 ቀን «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ጥናት በመቃወም ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። የካቲት 28 ቀን ኢሠአማ የጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ተጀመረ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ከእንዳልካቸው መኮንን መንግሥት ጋር በተደረሰ ስምምነት ተፈጸመ። በዚያን ጊዜ የኢሠአማ አባላት ቁጥር ወደ 80 ሺህ ይጠጋ ነበር።

ከዚህ በኋላ የታየው ውድቀት የቁጥር ውድቀት አይደለም። በ1968 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢሠአማ ፈረሰ፤ በአዋጅ ቁጥር 64 መሠረትም ማኅበራት ከሁሉ አስቀድሞ ምርትን የማሳደግና የሥራ ዲሲፕሊንን የማስከበር ኃላፊነት ተጣለባቸው። በ1969 ዓ.ም. የተቋቋመው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበር (መኢሠማ) አባላት ቁጥር በኋላ ከ300 ሺህ በላይ ደረሰ። አባሉ በብዙ እጥፍ ሲጨምር፣ ሠራተኛው «ይህ ዋጋ አይበቃንም» የሚልበት መድረክ ግን ተዘጋ።

በምዕራብ ጎጃም ገጠርም የሆነው ይኸው ነበር። በአዋጅ ቁጥር 31/1967 መሠረት የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ፣ በ1960 ዓ.ም. ያልነበረው ድርጅት አሁን የተገኘ መሰለ። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ማኅበራቱ የእህል ኮታ ማሰባሰቢያ ሆኑ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህሉን ከገበያ ባነሰ ቁርጥ ዋጋ ይገዛ ስለ ነበር፣ ትርፍ አምራች የነበረው የጎጃም ገበሬ የሸክሙ ዋና ተካፋይ ሆነ። የገበሬው ጠበቃ ሊሆን የሚገባው ሊቀ መንበር ኮታ አስገቢ ሆነ። ይህ አሠራር የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል እውነት የሚሆነው ድሩን የሚፈትለው ባለ ጉዳዩ ራሱ ሲሆን ነው። የማኅበር መኖርና የመደራደር መብት አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ሕጉ ተሻሽሏል። ማኅበር ለማቋቋም የሚያስፈልገው የሠራተኛ ቁጥር በአዋጅ ቁጥር 42/1985 ወደ 20፣ በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ደግሞ ወደ 10 ዝቅ ብሏል፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በዚሁ ጸንቷል። ይሁን እንጂ የራሱን ማሳ የሚያርሰው ገበሬ አሠሪ ስለሌለው ሕጉ አይመለከተውም። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርም የመንግሥት ሠራተኛ በመሆኑ ከአዋጁ ውጭ ነው፤ የሙያ ማኅበር ቢኖረውም በአዋጁ መሠረት የኅብረት ስምምነት አይዋዋልም።

በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገበሬው ልጅ ደመወዝተኛ የሚሆንበትን በር ከፍቷል። እንግዲህ ወላጆቹ በኮታ ዘመን ያሳለፉትን የሚያውቅ ተማሪ የሥራ ውል ሲቀርብለት ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የማኅበራትን የምሥረታ ዘመን ከማስጠናት ባሻገር፣ መምህሩ ሦስት ጥያቄዎችን ለክፍሉ እንዲያቀርብ ቢያደርጉ ይጠቅማል፦ ዋጋውን የወሰነው ማን ነበር? የማኅበሩን መሪ የመረጠው፣ የመሻርም ሥልጣን የነበረው ማን ነበር? እምቢ ያለ ሰውስ ምን ይደርስበት ነበር? ተማሪዎች መልሱን ከአያቶቻቸው ጠይቀው ቢያመጡ፣ ታሪኩ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ይቀራል።