የትምህርት ቤት በር ለሁሉ እንዴት እንደ ተከፈተ

ትምህርት ብርሃን ነው የሚለውን ቃል ከፊደል ገበታ ጀምረን ስንሰማው ኖረናል። ብርሃኑ ግን ለሁሉ እኩል ሳይደርስ ብዙ ዘመን አልፏል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በአሜሪካ የሚገኙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አካል ጉዳተኞች ልጆችን መቀበል የጀመሩበትን ታሪክ ነው። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አሜሪካ በሀብትና በጥበብ የገነነች አገር ብትሆንም፣ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ብዙ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ደጅ ትመልስ ነበር። በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ግዛት የነበረው ሕግ፣ አእምሮው የአምስት ዓመት ልጅ ያህል ያልበሰለውን ልጅ ትምህርት ቤቶች እንዳይቀበሉ ይፈቅድላቸው ነበር። ወላጆች ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፣ በማኅበራቸው አማካይነት በ1971 ክፍለ ግዛቱን ከሰሱ። ክፍለ ግዛቱም እነዚህን ልጆች በነጻ ለማስተማር ተስማማ።

በዚያው ዘመን በዋሺንግተን ከተማ የሰባት ልጆች ጉዳይ ለፍርድ ቀረበ። በከተማይቱ ልዩ ትምህርት ያስፈልጋቸዋል ከተባሉት 22,000 ልጆች መካከል፣ እስከ 18,000 የሚደርሱት ይህን ትምህርት ሳያገኙ እንደ ቀሩ ተገምቶ ነበር። የትምህርት ኃላፊዎቹ ገንዘብ የለንም ሲሉ፣ ዳኛው ጆሴፍ ዋዲ በ1972 የገንዘቡ ማነስ ከሌሎቹ ይልቅ በእነዚህ ልጆች ላይ ሊከብድ አይገባም ብለው ፈረዱ። በእርግጥም እንጀራ ባነሰበት ቤት ለሁሉ ይቆረሳል እንጂ አንዱ ልጅ ጦሙን አያድርም።

ከዚህ በኋላ ኖቬምበር 29 ቀን 1975 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ለአገሩ ሁሉ የሚሆነውን ሕግ ፈረሙ። በዚያን ጊዜ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ፈጽሞ ውጭ የነበሩት አካል ጉዳተኞች ልጆች አንድ ሚሊዮን እንደሚሆኑ የአገሪቱ ምክር ቤት አስታውቆ ነበር። ዛሬ በዚሁ ሕግ የሚረዱት ከሰባት ሚሊዮን በላይ ናቸው።

የሕጉ ፍሬ በሩን በመክፈት ብቻ አያበቃም። ማየት የተሳነው ልጅ የብሬይል መጽሐፍ ሳይሰጠው ክፍል ቢገባ፣ አካሉ ከውስጥ ሆኖ ትምህርቱ ከውጭ ይቀራል። ስለዚህ ሕጉ ለእያንዳንዱ ልጅ የተለየ የትምህርት ዕቅድ ከወላጆቹ ጋር በምክክር እንዲዘጋጅ፣ በየዓመቱም እንዲታይ ያዝዛል። ልጁም በተቻለ መጠን ከእኩዮቹ ሳይለይ ይማራል።

ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይምሰለን። በዋሺንግተንና በአካባቢዋ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ወላጅ እንግሊዝኛ ባይችል በዕቅዱ ስብሰባ ላይ የሚነገረውን እንዲረዳ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብ ይገባዋል። እንግዲህ አንዲት እናት ስለ ልጇ በአማርኛ ልትከራከር ትችላለች ማለት ነው።

እነዚያ ወላጆች ምጽዋት አልለመኑም፤ የልጆቻቸውን ድርሻ ጠየቁ። የሰው አፍ ፈርተው ልጃቸውን በጓዳ የሚሸሽጉ ወላጆች ከዚህ ድፍረትን ይማሩ። መምህራንም ትምህርቱን ለልጁ ያስማሙለት። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ከጎናችን በወንበራችን ላይ ቦታ እንልቀቅለት።