የቸርኬ ኦፍሴት ታሪክና የስፔሰር አመራረጥ

እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ሲድሌይ የተባለችውን አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ያደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዘመን አውቶሞቢሎች የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ በአብዛኛው ከጎማው ወደ ውስጥ ርቆ ይተከል ስለ ነበር፣ የጉድጓድ ግፊት በመሪው በኩል የነጂውን እጅ ይጠመዝዝ ነበር። በኋላ የፊት ፍሬን ሲጨመር ችግሩ ባሰ።

የመሐንዲሶች መፍትሔ ዘንጉን ወደ ጎማው መካከለኛ መስመር ማቅረብ ሆነ፤ ለዚህም ሞዞውና ፍሬኑ ወደ ቸርኬው ሆድ እንዲገቡ ተደረገ። ኦፍሴት የሚባለው ከቸርኬው ስፋት አጋማሽ አንሥቶ በሞዞው ላይ እስከሚያርፈው ገጽ ድረስ ያለው ርቀት ነው። ገጹ ከአጋማሹ ወደ ውጭ ሲሆን ፖዘቲቭ ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው አውዲ 80 አንድ እርምጃ አለፈ። የዘንጉ መስመር መሬት የሚነካበት ነጥብ ከጎማው አጋማሽ ወደ ውጭ ሆነ፤ ፍሬኑም በሰያፍ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው የፍሬን መስመር ቢበጠስ ከፊት የሚይዘው አንድ ጎማ ብቻ ነው፤ ሆኖም ያው የፍሬን ኃይል ጎማውን በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚያዞረው፣ መኪናው ከመስመሩ እንዳይወጣ ይረዳል።

ስፔሰር ጎማውን በውፍረቱ ልክ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ከኦፍሴቱም ያንኑ ይቀንሳል። ባለ 15 ሚሊሜትሩ ስፔሰር 52 የነበረውን 37 ያደርገዋል፤ በኩሽኔታው ላይ ያለውን ጫና ይጨምራል፤ ከላይ የተጠቀሰውንም ጥበቃ ሊያጠፋ ይችላል። ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ ለሚወርድ የጉለሌ ነጂ፣ ፍሬን በሚግልበትና እግረኛ በሚበዛበት ቁልቁለት፣ ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ስፔሰር ፈጽሞ አይገባምን? ይገባል። የስፖርት መኪናው ፖርሽ 944 ባለ 8 ኢንች ቸርኬ ኦፍሴቱ 23 ሚሊሜትር ገደማ ነበር፤ ከ1987 ሞዴል ጀምሮ 52 ገደማ ሆነ። አዲሱን ቸርኬ በቀድሞው መኪና ላይ የሚገጥም ሰው የ29 ሚሊሜትሩን ልዩነት በስፔሰር ቢሞላ፣ ጎማው ወደ ተነደፈለት ቦታ ይመለሳል። የአመራረጡ ሕግም ይኸው ነው፤ ስፔሰር ጎማን ወደ ቦታው ለመመለስ እንጂ ከቦታው ለማውጣት አይመረጥም።

በተረፈ ስፔሰሩ በሞዞው አንገት ላይ በልክ ይቀመጥ፤ ቡሎኑ በውፍረቱ መጠን ይርዘም፤ ሁለት ስፔሰር አይደራረብ፤ መሪው እስከ መጨረሻው ዞሮ ጎማው ፓራፋንጎውን አለመንካቱ ይረጋገጥ፤ ከጥቂት ጉዞ በኋላም ቡሎኑ በቁልፍ ይፈተሽ።