መሪና ተከታይ በታንጎ ታሪክ

በጥንድ በሚደነስ ዳንስ ወንዱ መሪ፣ ሴቲቱ ተከታይ መሆናቸውን ብዙዎች ከተፈጥሮ የመነጨ ሕግ አድርገው ይቆጥሩታል። የታንጎ ታሪክ ግን ይህ እምነት እንደገና እንዲመረመር ያስገድዳል።

ታንጎ የተወለደው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በሪዮ ዴ ላ ፕላታ ግራና ቀኝ በሚገኙት በቡዌኖስ አይሬስና በሞንቴቪዴዎ ከተሞች፣ የአፍሪካ ተወላጆች፣ የአገሬው ሰዎችና ከአውሮፓ የፈለሱ ሠራተኞች ተቀላቅለው በሚኖሩባቸው የድኾች ሰፈሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 የቡዌኖስ አይሬስ ሕዝብ ቁጥር 200,000 አይሞላም ነበር፤ በ1914 ግን ከ1,500,000 በላይ ሆነ። ከመጤዎቹ የሚበዙት ሥራ ፍለጋ ብቻቸውን የመጡ ወንዶች ስለ ነበሩ፣ የወንዱ ቁጥር ከሴቱ በልጦ ቆየ። በመሆኑም ሴቲቱ ከብዙዎች መካከል የመምረጥ ዕድል ነበራት፤ ዳንስ ያልሠለጠነ ወንድ ደግሞ ዳር ቆሞ ከመመልከት በቀር ሌላ ዕጣ አልነበረውም።

ከዚህም የተነሳ ወንዶች እርስ በርሳቸው መለማመድ ጀመሩ። ካራስ ኢ ካሬታስ የተባለው የቡዌኖስ አይሬስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1903 ሁለት ወንዶች ታንጎ ሲደንሱ የሚያሳዩ ፎቶግራፎችን አትሞ ነበር። ታንጎ እጅግ በገነነበት በ1940ዎቹ ዓመታት የደነሱ አዛውንት እንደተረኩት፣ ፕራክቲካ በሚባለው የልምምድ ስብሰባ ጀማሪው ወጣት አስቀድሞ የሚማረው መከተልን ነበር። መምራት የሚፈቀድለት ይህን በሚገባ ካወቀ በኋላ ነው።

ይህ ሥርዓት ከዳንሱ ጠባይ የመጣ ነው። በታንጎ ቀድሞ የተወሰነ የእርምጃ ቅደም ተከተል የለም፤ መሪው ሐሳቡን የሚያስታውቀው በደረቱ እንቅስቃሴ ሲሆን፣ የተከታዩ ክብደት በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈ በየቅጽበቱ ማወቅ ይኖርበታል። መከተልን በገዛ አካሉ ያልተማረ ሰው ይህን ለማወቅ እጅግ ይቸገራል።

ይሁን እንጂ ዕድሉ እኩል አልነበረም። ሴቶች ዳንስ የሚማሩት በአብዛኛው በቤት ውስጥ፣ ከእናት፣ ከእኅትና ከወንድም ነበር። በአደባባይ ግን ሁለቱንም ሚና መማር የወንዱ ድርሻ ሆነ። ሴቲቱ በዐይንና በራስ ንቅናቄ የሚቀርብላትን ግብዣ ፊቷን በማዞር እንቢ ማለት ትችል ነበር፤ ወለሉ ላይ ከወጣች በኋላ ግን የምትይዘው ሥፍራ አስቀድሞ ተወስኗል።

እ.ኤ.አ. በ1955 የፔሮን መንግሥት ከወደቀ በኋላ ታንጎ እየተዳከመ ሄደ። በ1983 በፓሪስ የቀረበው ታንጎ አርጀንቲኖ የተሰኘው ትርኢት በዓለም ዙሪያ ሲያንሠራራው፣ ወንድና ሴት በአንድ ክፍል መማር የተለመደ ሆነ። ያን ጊዜ ወንዱ ከመጀመሪያው ቀን መሪ ሆኖ ይመደብ ጀመር። ጥንታዊ ወግ ተብሎ የሚጠቀሰው ክፍፍል በዚህ መልኩ የጸናው እንግዲህ በቅርብ ጊዜ ነው።

በ2001 በሐምቡርግ ሚናው በጾታ የማይወሰንበት የታንጎ ፌስቲቫል ተከፈተ፤ በ2005 ደራሲዋ ማሪያና ዶካምፖ በቡዌኖስ አይሬስ ተመሳሳይ የዳንስ ምሽት አቋቋመች። በ2013 የዓለም የታንጎ ውድድር ተመሳሳይ ጾታ ላላቸው ጥንዶች በሩን ከፈተ። እነዚህ እርምጃዎች ባህሉን አፈረሱ ተብለው ይወቀሳሉ። ታሪኩ የሚመሰክረው ግን መምራትም ሆነ መከተል በትምህርት የሚገኝ ሙያ መሆኑን ነው። አዲስ የሆነው አንድ ሰው ሁለቱንም ማወቁ ሳይሆን፣ ዕውቀቱ ለሴቲቱም በአደባባይ መፈቀዱ ነው።