ማወየብ፦ ትንሿ አይሱዙ መንገድ የወጣች እንድትመስል

ሞዴል መኪና የሚሠሩ ሰዎች «ዌዘሪንግ» የሚሉት ሥራ አለ። መኪናዋ ተገጣጥማ፣ ቀለም ተቀብታ ካለቀች በኋላ ፀሐይ የመታት፣ ጭቃ የዳጠች፣ ጭነት ያንገላታት እንድትመስል ሆን ብሎ ማጎሳቆል ነው። በአማርኛ «ማወየብ» ብንለው ይስማማል። «ማስረጀት» ቅርብ ይመስላል፤ ግን የሚናገረው ዕድሜን ብቻ ነው። ሰኔ ላይ ሆሳዕና ውስጥ ሥራ የጀመረች ባጃጅ መስከረም ሳይጠባ ትወይባለች፤ አረጀች ግን አንላትም። ጋቢም ሳይቀደድ ይወይባል።

የወየበችው መኪና የምትቆምበት የመሬት ቁራጭ፣ ከነመንገዱና ከነአጥሩ፣ «ዳዮራማ» ይባላል። ስሙ የመጣው ሉዊ ዳጌርና ሻርል ቡቶን እ.ኤ.አ. በ1822 ፓሪስ ከከፈቱት የትዕይንት ቤት ነው፤ ያኔ በብርሃን የሚለዋወጥ ግዙፍ ሥዕል ነበር። ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ከተለመዱት መጠኖች አንዱ 1፡35 ነው። የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ ይህን መጠን የመረጠው የፓንተር ታንክ ሞዴሉ ሞተርና ባትሪ እንዲይዝለት ብሎ ነው፤ ከዚያ ሌላውም አምራች ተከተለ። በዚህ ስሌት 7 ሜትር የጭነት መኪና 20 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች።

ለሐዲያና ለከምባታ መንገድ ከአይሱዙ የተሻለ ሞዴል አላገኝም። ከሃደሮ ዝንጅብል፣ ከዶዮገና ድንች ጭና የገባችውን ቆም ብሎ ማየት ነው። የስፖንዳው ጠርዝ ጆንያ ሲጎተትበት ቀለሙ ተልጦ ላሜራው ያበራል። የጋቢናው ጣሪያ በፀሐይ ገርጥቷል፤ በሩ እጀታው አካባቢ በመዳፍ ብዛት ጠቁሯል። ጭቃው ከፓራፋንጎው ሥር ይወፍራል፣ ወደ ላይ ይሳሳል። ናፍታ ከሚሞላበት አፍ ሥር ጥቁር መስመር ወርዷል። የፊት መስታወቱ ላይ መጥረጊያው የደረሰበት ብቻ ንጹሕ ነው።

እዚህ ላይ የውጭ መማሪያዎችን እንዳለ መከተል ያሳስታል። በየበሩ ሥር የሚታየው ከባድ ዝገት ብዙ ጊዜ በረዶ ለማቅለጥ አስፋልት ላይ ጨው ከሚበተንበት አገር የመጣ ነው። የእኛን መኪና ይበልጥ የሚበላው ኮረኮንችና ጭነት ነው። ከዝገት ይልቅ ስቱኮ ተለጥፎበት፣ አንትረስት ተቀብቶ፣ የመጨረሻውን ቀለም ሲጠብቅ የከረመ በር ቢሠራ የበለጠ አገርኛ ይሆናል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። የዘይት ቀለም በአኳራጅ ቀጥኖ ወደ ስንጥቆቹ ይፈሳል፣ ከላይ የተረፈው በጨርቅ ይጠረጋል። ከዚያ ቀለሙ ሊያልቅ የቀረበ ደረቅ ብሩሽ ጠርዞቹን ይዳስሳል። ሁለቱን ዘዴዎች በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ ቤልጂጋዊው ፍራንስዋ ቨርሊንደን ነው። ሥሩ ያለው ቀለም በአኳራጅ የሚሟሟ ከሆነ ግን ሥራው ሁሉ ይበላሻል።

አፈር ከደጅ ዘግኖ መበተን ደግሞ አይሆንም። 1 ሚሊ ሜትር ጠጠር በ1፡35 የ3.5 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ነው። ተወቅጦ በጥሩ ጨርቅ መነፋት አለበት፤ ሙጫ ሲነካው ስለሚጠቁርም ከሚፈለገው ነጣ ያለው ይመረጣል። የሆሳዕናና የዱራሜ አፈር ቀይ ነው፤ ወደ ስምጥ ሸለቆ፣ ወደ አላባ ሲወረድ አቧራው ይነጣል። ከታች የደረቀ ቀይ ጭቃ፣ በላዩ ነጣ ያለ አቧራ የለበሰች አይሱዙ ከየት ወደ የት እንደሄደች ያለ ታፔላ ትናገራለች። የክረምት እርጥብ ጭቃና የበጋ አቧራ አብረው በአንድ ጎማ ላይ ሲታዩ ግን ተመልካቹ ግራ ይጋባል፤ ወቅቱን አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

ሥራው ሲያልቅ መስታወት ይከደንበታል። የቤት አቧራ ትልልቅ ጭረት ስላለው በትንሿ መኪና ላይ እንደ ጥጥ ይታያል። ሊጠርጉት ሲሉም የተደከመበት ቀይ አፈር አብሮ ይነሳል።