የይፋ ቁልፍ ታሪክና ደካማ ጎኖቹ

ከአሶሳ ወደ ሱዳን ድንበር በሚያቀናው አገር የሚገኘው የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ የተከፈተው በ1997 ነው (ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በዚያው ዓመት መጨረሻ የብሪታንያ መንግሥት ከ20 ዓመት በላይ ሸሽጎት የቆየውን ነገር ገለጠ፤ ይኸውም ጄምስ ኤሊስ፥ ክሊፎርድ ኮክስና ማልኮልም ዊሊያምሰን የተባሉት ሠራተኞቹ የይፋ ቁልፍን ምስጠራ ከአሜሪካኖቹ ቀድመው አግኝተውት እንደ ነበር ነው። ሁለቱ ጉዳዮች ያን ጊዜ አይተዋወቁም ነበር። ዛሬ የስደተኛው ማንነት በጣት አሻራና በዐይን ብሌን ተመዝግቦ በኮምፒዩተር ስለሚያዝ፥ መዝገብም በመረብ ሲጓዝ የሚጠበቀው በአመዛኙ በዚሁ ዘዴ ስለ ሆነ፥ ተገናኝተዋል።

ዘዴውን ለዓለም ያስተዋወቁት ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን ሲሆኑ ዘመኑም 1976 ነበር። በተከታዩ ዓመት ሪቨስት፥ ሻሚርና አድልማን ሥራ ላይ የሚውልበትን ስልት አወጡለት። ሁለት ታላላቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል ነው፤ ከብዜታቸው ተነሥቶ ሁለቱን መልሶ ማግኘት ግን እጅግ አድካሚ ነው። ስለዚህ ብዜቱ ለሁሉ ይታደላል፥ አካፋዮቹ በባለቤቱ ዘንድ ይቀራሉ። በአባቶቻችን ማኅተም ቢመሰል፥ ቅርጹን ሁሉ ያውቀዋል፥ መምቻው ግን በአንድ እጅ ብቻ ነው።

በ1977 እንቆቅልሽ ሆኖ የቀረበውን ባለ 129 አኀዝ ቁጥር ለመፍታት 40 ሚሊዮን ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል ተብሎ ነበር። በ1994 ግን 600 ያህል ፈቃደኞች ኮምፒዩተሮቻቸውን አስተባብረው በ8 ወር ገደማ ፈቱት። ቁጥሩን ማርዘም ስለሚበቃ ይህ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው ቁጥሩ የሚወለድበት መንገድ ነው። በ2012 በመረብ ላይ የተሰበሰቡ ሚሊዮኖች ቁልፎች ሲመረመሩ፥ ከሺሁ ሁለት ያህሉ ከንቱ ሆነው ተገኙ። አንዳንድ መሣሪያዎች ገና እንደ ተከፈቱ፥ በቂ የዘፈቀደ መነሻ ሳያጠራቅሙ ቁልፍ ስለሚሠሩ፥ ሁለት የማይተዋወቁ መሣሪያዎች አንድ ብቸኛ ቁጥር ይጋራሉ። ያን ጊዜ አድካሚው ሥራ ቀርቶ በትምህርት ቤት የተማርነው ትልቁን የጋራ አካፋይ መፈለግ ብቻ ይበቃል።

ለእኛ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው የኢስቶንያ ጉዳይ ነው። በ2017 በብርኖ ከተማ የማሳሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፥ ኢንፊኒየን የተባለው የጀርመን ኩባንያ በሠራው ቺፕ ውስጥ ብቸኛ ቁጥሮቹ ለፍጥነት ሲባል ከጠባብ ክልል እንደሚመረጡ ደረሱበት። ቺፑ የደኅንነት ምርመራ ያለፈ ነበር! የኢስቶንያ መንግሥት በኖቬምበር ወር ከ750 ሺህ በላይ የመታወቂያ ካርዶችን የምስክር ወረቀት አገደ። ሒሳቡ ሳይነካም ጥፋት ይደርሳል፤ የሆላንዱ ዲጂኖታር በ2011 ተደፍሮ በስሙ የሐሰት ምስክር ወረቀቶች ሲወጡ፥ በአብዛኛው በኢራን የሚኖሩ 300 ሺህ ያህል ተጠቃሚዎች ለስለላ ተጋልጠዋል።

በአገራችን በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 የምስክር ወረቀቱን ሥር ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፥ ለዛሬው አስተዳደር፥ ሰጥቷል፤ በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ተከተለ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም የሚፈተኑት በአዲስ አበባ ሳይሆን በሸርቆሌ ዐይነት ስፍራ ነው። መረብ በተቋረጠበት ቀን መሣሪያው ትናንት የታገደውን ምስክር ወረቀት ከደኅነኛው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ደግሞም ኢስቶንያዊው ካርዱ ሲታገድበት ከቤቱ ሆኖ በመረብ ሊያሳድስ ችሏል፤ ሰነዱን ሁሉ ጥሎ ድንበር ለተሻገረ ቤተሰብ ግን መታወቂያው የራሽንና የሕክምና ማስረጃው ስለ ሆነ፥ እስኪታደስ ድረስ የሚያሳየው ሌላ ወረቀት የለውም።