ስለ ቦታ ደላላ ሥራና ስለ መካነ መቃብር አጠባበቅ

ኢዮቤልዩ በብዙ ሰው ዘንድ የደስታ በዓል ብቻ ሆኖ ይታሰባል። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ የተጻፈው ሥርዓት ግን የመሬት ሕግ ነው። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 50ኛው ዓመት በገባ ጊዜ ቀንደ መለከት ይነፋ ነበረ፤ የተሸጠውም እርሻ ወደ ቀድሞ ባለርስቱ ይመለስ ነበረ። ስለዚህ ሻጭና ገዢ ሲዋዋሉ ዋጋውን የሚቈርጡት እስከ ኢዮቤልዩ የቀረውን የመከር ዓመት ቈጥረው ነው እንጂ ምድሩን ለዘለዓለም አይሻሻጡም። ምድር የእግዚአብሔር ናትና፥ ሰውም በእርስዋ ላይ እንግዳ ነውና። እንግዲህ ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር ስለ ሕንፃውና ስለ ንዋየ ቅድሳቱ ብቻ ሳይሆን፥ አባቶችና እናቶች ስላረፉበት መሬትም ሊነገር ይገባል።

አባታችን አብርሃም በከነዓን ምድር መጻተኛ ሆኖ ሲኖር የራሱ የሆነ መሬት አልነበረውም። ሣራ በ127 ዓመትዋ በኬብሮን በሞተች ጊዜ ግን የመቃብር ቦታ መፈለግ ግድ ሆነበት። በቅዱስ መጽሐፍ አስቀድሞ የተተረከው የመሬት ግዢ ይህ ነው፤ የተገዛውም ለእርሻ ወይም ለቤት ሳይሆን ለመቃብር ነው። አብርሃም ወደ ባለመሬቱ ወደ ኤፍሮን በቀጥታ አልሄደም፤ የኬጢ ልጆች ስለ እርሱ ሆነው እንዲያነጋግሩለት ለመነ። እነዚህ ሰዎች የሠሩት ሥራ የቦታ ደላላ ከሚሠራው ሥራ ጋር አንድ ነው፤ ፈላጊውን ከባለቤቱ አገናኙ፥ በከተማው በርም በሸንጎ ፊት ለነገሩ ምስክር ሆኑ። ኤፍሮን ቦታውን ያለ ዋጋ ልስጥህ ቢለው አብርሃም እንቢ ብሎ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። በቃል የተሰጠ ስጦታ ሰጪው ሲሞት ክርክር ያመጣል፤ በምስክር ፊት የተከፈለ ዋጋ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። መጽሐፉም እርሻውን፥ ዋሻውንና በድንበሩ ዙሪያ ያሉትን ዛፎች ሁሉ ለይቶ ቈጠረ። ይህ ድንበር በአፍና በጽሕፈት የተጠበቀ ስለ ሆነ፥ ያዕቆብ በግብፅ አገር በሞት አልጋ ላይ ሳለ ቦታውን፥ የሻጩን ስምና በዚያ የተቀበሩትን ሁሉ ለልጆቹ ሊነግራቸው ቻለ።

ነቢዩ ኤርምያስም ኢየሩሳሌም በጠላት ተከባ ሳለች በዓናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ። የታተመውንና የተከፈተውን የውል ደብዳቤ ለብዙ ዘመን እንዲቈይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ። ነህምያ በፋርስ ንጉሥ ፊት ፊቱ በጠቈረ ጊዜ ምክንያቱን ሲጠየቅ አስቀድሞ የተናገረው የአባቶቹ መቃብር ያለባት ከተማ መፍረስዋን ነው። የካህናት አለቆች ደግሞ በ30 ብር የሸክላ ሠሪውን መሬት ለእንግዶች መቃብር ገዙ፤ ነገር ግን ገንዘቡ የደም ዋጋ ስለ ነበረ መሬቱ የደም መሬት ተባለ። ከእነዚህ ታሪኮች እንደሚታወቀው መካነ መቃብርን የሚያስከብረው ዋጋው ብቻ አይደለም፤ የምስክሩ እውነትና የገንዘቡ ንጽሕና ነው።

በአገራችን ሙታን ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥና በዙሪያው ይቀበራሉ። በሰሜኑ ክፍል የቀድሞው ደን አልቆ ጽዱና ወይራው የተረፈው በአብዛኛው በአድባራት ዙሪያ ነው፤ ዛፉን ያስከበረው ታቦቱ ነው፥ የታቦቱንም ድንበር ዛፉ ያመለክታል። ብዙ ጊዜ ሌላ ካርታ አልነበረም። ድንበሩን አለቃው፥ ገበዙና ያገር ሽማግሎች ያውቁት ነበር፤ ይህም እውቀት ከአባት ወደ ልጅ በቃል ይተላለፍ ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሠፈሩ ሰፋ፥ ቦታም ዋጋ አወጣ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስለ ከተማው ቦታ ደንብ ባወጡ ጊዜ የግል ይዞታና ሽያጭ በሕግ ታወቀ። ቦታ በሚሸጥበት ከተማም የቦታ ደላላ አይታጣም። ሕዝቡ «ደለለ» የሚለውን ግሥ ለማባበልና ለማታለል ይናገረዋል፤ ቃሉ ከመጣበት ከዐረብኛው ግን ምሥጢሩ ማመልከትና መንገድ ማሳየት ነው። ስለዚህ በአንድ ስም ውስጥ ሁለት ሰዎች ይኖራሉ፤ አንዱ ያሳያል፥ ሁለተኛው ያሳስታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ደላላን ተዋዋዮችን የሚያገናኝ ነጻ ባለሙያ አድርጎ አወቀው፤ በዚያው ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሕፈት እንዲሆን አዘዘ። በ1967 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች የገጠሩንም የከተማውንም መሬት የመንግሥት አደረጉ፤ አድባራትም የነበራቸውን ሰፊ መሬት አጡ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ደላላው የሚያገናኘው በቤትና በሊዝ መብት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው። በዘመን ተቈጥሮ የሚያዝ መሬት ለኦሪት ተማሪ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

በዚህ ሁሉ ለውጥ መካከል መካነ መቃብር የሚጠፋው በአንድ ቀን አይደለም። አስቀድሞ አጥሩ ይወድቃል፤ ቀጥሎ እግረኛ አቋርጦ መንገድ ያወጣበታል፤ መንገዱም አንድ ክንድ፥ ሁለት ክንድ እያለ ይሰፋል። የጎረቤት አጥር ይገፋል፤ የመቃብሩ ድንጋይ ለመሠረት ይነሣል። በመጨረሻ አንድ ደላላ ገዢ ይዞ መጥቶ «ይህ ባዶ ቦታ ነው» ይላል። ያን ጊዜ የሙታኑ ስም ሁለተኛ ይሞታል። ኦሪት የባልንጀራውን ድንበር የሚገፋውን ሰው ረገመችው፤ ሕያው ባልንጀራ ግን ይጮኻል፥ ዳኛም ይጠራል። ሙት ባልንጀራ አይጮኽም። የወንጀል ሕግ የሙታንን ዕረፍትና ክብር የሚደፍረውን ይቀጣል፤ ነገር ግን ሕጉ ራሱ ከሳሽንና ምስክርን ይሻል።

ምስክሩም ያው ደላላ ሊሆን ይችላል። የየሠፈሩ የቈየ ደላላ ግቢው ለማን እንደ ተከፈለ፥ የድንበሩ ድንጋይ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ተጣለ፥ ጐርፍ መውረጃው አስቀድሞ በየት በኩል እንደ ነበረ ያውቃል። የሽያጭን ወሬ ከሰበካ ጉባኤው አስቀድሞ የሚሰማ እርሱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ገዢን ወደ መቃብሩ አጥር አምጥቶ «ከዚህ ወዲያ የሙታን ነው፤ ከዚህ ወዲህ እንነጋገር» ቢል፥ የድካሙ ዋጋ አይቀርበትም፤ ገዢውም ከክርክር ይድናል። በመቃብር ላይ ቤት ያሠራ ደላላ ግን ዛሬ የሚቀበለው ገንዘብ ነገ በልጆቹ ላይ ክስ ሆኖ ይመለሳል፤ የእርሱም ወላጆች በአንዱ ደብር ተኝተዋልና፥ ለሌላው ያልጠበቀውን ለእርሱ ማን ይጠብቅለታል?

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በደላላ ላይ መጣል ቅን ፍርድ አይሆንም። ደላላው ባዶ ያለው ደብሩ ባዶ አድርጎ ያሳየውን ነው። የይዞታ ማረጋገጫው ከነካርታው በደብሩ ሣጥን ከሌለ፥ የተቀበሩት ሰዎች ስምና ቦታ በመዝገብ ካልተጻፈ፥ እድሩም ከቀብር ቀን በኋላ ወደ መቃብሩ ካልተመለሰ፥ ባዕድ እንዴት ያክብረው? በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የአርበኞች መቃብር እስከ ዛሬ የሚታወቀው ስማቸው በድንጋይ ስለ ተጻፈና ጠባቂ ስላላቸው ነው። የድኻው መቃብር በእብነ በረድ አይጻፍም፤ በመዝገብ ግን ሊጻፍ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ ትጉህ ጸሓፊ ነው።

ስለዚህ ካህናቱ፥ ሰበካ ጉባኤው፥ የእድሩ ዳኞችና የሠፈሩ ደላሎች በዓመት አንድ ቀን አብረው የመቃብሩን ድንበር ቢዞሩት መልካም ነው። ሽማግሌው የሚያውቀውን ይናገር፥ ደላላው ያየውን ይጨምር፥ ጸሓፊው ይጻፍ፥ ወጣቱም ይስማ። የወደቀው ካብ በዚያው ቀን ይነሣ፤ በደረቀው ጽድ ፈንታም ሌላ ይተከል። የኬጢ ልጆች ጣዖት አምላኪዎች ሲሆኑ ለአንዲት ሴት መቃብር በእውነት ከመሰከሩ፥ በጥምቀት የከበረ ሕዝብ ለገዛ እናቱ መቃብር መመስከር አያቅተውም።

የኦሪቱ ኢዮቤልዩ በመለከት ድምፅ ይታወጅ ነበረ፤ የሙታን ትንሣኤም በመለከት ድምፅ ይሆናል። በዚያ ቀን ሙታን ከያሉበት ይነሣሉ፤ ካርታም ሆነ ምስክር አያስፈልጋቸውም። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ዕረፍታቸው በሕያዋን እጅ የተሰጠ አደራ ነው። አምላከ አብርሃም፥ አምላከ ይስሐቅ፥ አምላከ ያዕቆብ ያረፉትን ነፍሳት በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ ለቀረነውም አደራ ጠባቂ ልቡና ይስጠን። አሜን።