ቫስካ የተባለው ልጅ

ቱም ላይ ቆማችሁ ወደ ማጂ ቀና ስትሉ የምታዩት የተራራ ሰንሰለት በአንድ ወቅት የሩሲያ ንጉሥ ስም ወጥቶለት ነበር ብላችሁ ማን ያምናል? «የንጉሠ ነገሥት ኒኮላይ ዳግማዊ ሸንተረር»! ስም አውጪው አሌክሳንደር ቡላቶቪች የሚባል ሩሲያዊ የፈረሰኛ መኮንን ነው። በ1890 ዓ.ም. ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ከካፋ ተነሥቶ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ዛሬ ቱርካና እስከምንለው ድረስ፣ ዘልቋል። ያወጣው ስም ግን አልጸናም። የዲዚ ሰው ተራራውን እንደ ድሮው መጥራቱን ቀጠለ።

በዚያው ዘመቻ ስም የወጣለት ሌላም ነበር። ሐይቁ አካባቢ ቡላቶቪች ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ክፉኛ የቆሰለ ልጅ አገኘ። አስታመመው፣ ቫስካ አለው (የቫሲሊ ማቆላመጫ ነው)፣ ይዞትም ሩሲያ ገባ።

እስቲ እናንተ ከሦስት ዓመታችሁ በፊት የሆነውን ለማስታወስ ሞክሩ። ምንም! የሥነ ልቦና ሰዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የአብዛኛው ሰው የመጀመሪያ ትዝታ ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው የሚጀምረው። እንግሊዛዊው ጆን ሎክ ሰውን ያው ሰው የሚያደርገው ያለፈውን የራሴ ብሎ ማስታወሱ ነው ይላል። እንደሱ ከሆነ ሁላችንም ሦስት ዓመት ጎድሎናል ማለት ነው። ግን ማን ቅር ይለዋል? እናት አለች፣ አክስት አለች፣ «አንተ እኮ ስትወለድ...» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። የረሳነውን ሌላ ሰው ያስታውስልናል። ሎክ እናትን የረሳ ይመስለኛል።

ቫስካ ያጣው ይህንን ነው። የረሳው እንደማንኛችንም ነው፤ የሚነግረው ግን አልነበረም። ጎልማሳ ሲሆን ስለ ልጅነቱ ሊጠይቅ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ከጦሩ ጋር የመጣው መኮንን።

እሱ ብቻም አይደለም። ከዚያ ዘመቻ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከማጂና ከአካባቢው ስንት ሕፃን በባርነት ተወሰደ! ጌታ ያወጣላቸውን ስም ይዘው፣ የጌታን ቋንቋ እየተናገሩ አደጉ። በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ሲሻር፣ በሕፃንነቱ የተወሰደ ሰው «ነፃ ነህ፣ አገርህ ግባ» ቢባል፣ የትኛው አገር? የማን ልጅ ነኝ ብሎ? አዋጅ የተሰረቀን ትዝታ አይመልስም።

ወደ ቫስካ እንመለስ። ኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ቡላቶቪችም መንኩሶ፣ አባ አንቶኒ ተብሎ፣ አቶስ ተራራ ገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 ይህን የክርስትና ልጁን ሊያይና ሊያስቆርብ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። አቶስ ሲመለስ ደግሞ መነኮሳቱ ለሁለት ተከፍለው ይከራከሩ ጀመር። እሱም የአንደኛው ወገን መሪ ሆነ፤ በ1913 የሩሲያ መንግሥት ወታደር ልኮ የእሱን ወገን መነኮሳት በመርከብ እስኪያግዝ ድረስ ሙግቱ አልበረደም።

ጠቡ ስለ ምን መሰላችሁ? ስለ ስም! የፈጣሪ ስም ራሱ ፈጣሪ ነው ወይስ መጠሪያ ብቻ ነው የሚል። ቡላቶቪች ስም ከባለቤቱ አይለይም ባይ ነበር።